ብርሃንን በጆሮ ስለ ማወቅ

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በተጉለት ተቀምጠው ሳሉ በሰማይ ላይ ያልተለመደ ብርሃን ታየ፤ ብዙ ቀንም ቆየ። ንጉሡም ስፍራውን ወደዱት፤ ቤተ ክርስቲያን አሠሩበት፤ ስሙንም ደብረ ብርሃን አሉት፤ የዘመናቸውንም መጨረሻ በብዛት እዚያው አሳለፉት። ከኋላ ዘመን ሊቃውንት አንዳንዶቹ ያ ብርሃን በ1448 ዓ.ም. የታየው ሃሌይ የሚባለው ጅራታም ኮከብ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ወሩ አይገጥምም ብለው ይከራከራሉ። ይህ ክርክር ለታሪክ ጸሐፊዎች ይቆይ።

እዚህ የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። በዚያ ሰሞን በተጉለት አገር ዓይነ ስውር ሰው አልነበረም ማለት አይቻልም። ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ አንገቱን ወደ ላይ ሲያቀና፣ እርሱ በደጃፉ ተቀምጦ የሰውን ጫጫታና የካህናቱን ምሕላ ሳይሰማ አልቀረም። ጎረቤቱም ብርሃኑ በየት በኩል እንደ ወጣ፣ ምን ያህል እንደ ረዘመ፣ በስንት ሌሊት እንደ ደከመ ነግሮት ይሆናል። እንግዲህ ይህ ሰው ያንን ብርሃን ዐወቀው ወይስ አላወቀውም?

አላወቀውም የሚል ጥቂት ያስብ። ዛሬ በደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ዓይኑ የቱንም ያህል ብሩህ ቢሆን፣ ያንን ብርሃን አላየውም። የከተማውን ስም ምክንያት ያወቀው ከአባቱ ሰምቶ ነው፤ አባቱም ከአባቱ ሰምቶ ነው። ዜና መዋዕሉን ገልጦ ያነበበውም ቢሆን የሌላ ሰው ቃል ተቀበለ እንጂ ብርሃኑን በዓይኑ አልተቀበለም። ከ560 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ዓይናማውና ዓይነ ስውሩ በአንድ ደጃፍ ተቀምጠው አንዱን ወሬ ይሰማሉ። ታዲያ ዓይናማው ዐውቃለሁ ሲል ማንም ሳይከለክለው፣ ዓይነ ስውሩን ግን ስለ ሰማይ ምን አገባህ ማለት ከየት የመጣ ፍርድ ነው?

ይህ ጥያቄ የሥራ ፈቶች ክርክር እንዳይመስል፣ በዘመናችን የተደረገውን ነገር መናገር ይገባል። የከዋክብትን ብርሃን ወደ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ ተሠርቷል፤ ዓይነ ስውራንም በዚህ መሣሪያ እየተረዱ ሥነ ፈለክን ይመረምራሉ። ይህን የሰሙ ሰዎች በሁለት ተከፍለዋል። አንዳንዶቹ ታላቅ በጎነት ነው ብለው ያመሰግናሉ። ሌሎች ግን የሕፃን መጫወቻ ነው፤ ብርሃን ድምፅ የለውም፤ የሌለውን ነገር ማሰማትም ማታለል ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር በልባቸው ይዘዋል፤ ይኸውም ሰማይ የዓይን ርስት ነው፣ ጆሮ ከዚያ የሚያገኘው ምጽዋት ብቻ ነው የሚል ነው። መመርመር የሚገባው ይህ አሳብ ነው። በተለይ በዚህ አገር፣ ሰማይ ከጥንት ጀምሮ በጆሮና በቍጥር ሲታወቅ በኖረበት አገር፣ አሳቡ ሳይመረመር መቅረቱ ያስገርማል።

ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። አማርኛ ተናጋሪ ሲበርደው ብርድ ተሰማኝ ይላል፤ ሲያዝን ኀዘን ተሰማኝ ይላል፤ ሽታ እንኳ ሲመጣበት ሽታ ይሰማኛል ይላል። ከሩቅ ያለ ነገር ወደ ሰው ልብ የሚገባበትን በር ሁሉ በጆሮ ስም ጠርቶታል። ግዕዙማ ከዚህ አልፎ ምስክርነትን ስምዕ፣ ምስክሮችንም ሰማዕት ይላቸዋል፤ ሥሩ ሰምዐ የሚለው ግስ መሆኑን የቅኔ ቤት ልጅ ሁሉ ያውቃል። ዳዊትም በ18ኛው መዝሙር ለሰማያት የሰጣቸው ሥራ የመናገር ሥራ ነው።

ከቃል ወደ ሥራ እንለፍ። በአንኮበርም ሆነ በሌላው የሸዋ ደብር በንባብ ቤት የቃል ትምህርት የሚሰጠው ማታ ነው። ሕፃናቱ ቀን ፊደልና ዳዊት ሲቈጥሩ ውለው፣ ሲመሽ በጨለማ ተቀምጠው የየኔታን ድምፅ እየተከተሉ ውዳሴ ማርያሙንና መልክዑን በቃላቸው ይይዛሉ። መጽሐፍ አይገለጥም። በዚያች ሰዓት ከመካከላቸው ዓይኑ የጠፋ ልጅ ቢኖር ከጓደኞቹ አያንስም፤ እንዲያውም ጆሮው የሠለጠነ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ይቀድማቸዋል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ በብሬል የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአገሩ ከመቋቋሙ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ዓይነ ስውራንን ተቀብሎ የዜማ መሪ፣ የቅኔ መምህር፣ የመጻሕፍት ተርጓሚ ሲያደርጋቸው ኖሯል። ይህን ያደረገው በርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ የትምህርቱ ጠባይ ራሱ ከዓይን ይልቅ ለጆሮ የተመቸ ስለ ነበረ ነው።

ከዚህ ትምህርት አንዱ ክፍል ባሕረ ሐሳብ ነው። ባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ አስተካክሎ ጾምንና በዓልን የሚወስን ቀመር ነው፤ አባቶች ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጡታል። ይህን ቀመር ለማውጣት አንድም ጊዜ ወደ ሰማይ ማየት አያስፈልግም። የ2018 ዓ.ም.ን ሒሳብ ለምሳሌ እንውሰድ። ከልደት በፊት የነበረው 5500 ዘመንና 2018 ሲደመሩ 7518 ይሆናል፤ ይህ በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱ ስለ ዘመኑ ሲነሣ 12 ወንበር ይሆናል። 12 በ11 ቢባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። እንደ ገና 12 በ19 ቢባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ስለ ሆኑ ሒሳቡ እንዳልተሳተ ይታወቃል። መጥቅዑ ከ14 በላይ ስለ ሆነ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 ቀን እሑድ ነበረ፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18ና 7 መባጃ ሐመሩን 25 አደረጉት። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ገባ።

ይህን ሁሉ አንድ ዓይነ ስውር ደብተራ በጣቱ አንጓ እየቈጠረ፣ ሌላ ሰው ቀለም ሳይበጠብጥለት ያወጣዋል። በከተማው ያሉት ዓይናማዎች ግን፣ ጨረቃን ሌሊት ሌሊት እያዩ፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ እርሱን ይጠይቁታል። ከእነዚህ ጨረቃን የሚያውቃት ማነው ቢሉ መልሱ ቀላል አይደለም። ደግሞም መጥቅዕ የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ መለከት ወይም ደወል ማለት ነው። የጨረቃን ቍጥር አባቶች በድምፅ መሣሪያ ስም ጠሩት፤ ስሙም ከመለከት በዓል እንደ መጣ መምህራኑ ያስረዳሉ።

በመጽሐፈ ሄኖክም እንዲሁ ነው። ሙሉው መጽሐፍ የተጠበቀው በግዕዝ ብቻ መሆኑን የተማረ ሰው ሁሉ ያውቃል። በዚህ መጽሐፍ የብርሃናት ክፍል ፀሐይ የምትወጣባቸው ስድስት በሮች፣ የምትገባባቸውም ስድስት በሮች ተቈጥረዋል፤ ቀኑና ሌሊቱም በ18 ክፍል ተመድቦ፣ ቀኑ እስከ 12 ሲረዝም ሌሊቱ ወደ 6 ሲያጥር ይነገራል። በእርግጥ ይህ ልክ ለሸዋ አይሆንም፤ በአንኮበር የረጅሙ ቀን ብልጫ ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም። ቢሆንም መጽሐፉ ሲነበብ የሚሰማ ዓይነ ስውር የፀሐይን መንገድ በልቡ ይሥላል፤ በአንኮበር ገደል ላይ ቆሞም ከአፋር በረሃ የምትወጣው ፀሐይ ፊቱን በየት በኩል እንዳሞቀችው ለይቶ፣ ወራቱን ከመጽሐፉ በር ጋራ ማስተያየት ይችላል።

ከባሕር ማዶም ምስክር አለ። በአራተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ዲዲሞስ በአራት ዓመቱ ያህል፣ ፊደል ሳይቈጥር፣ ዓይኑ ጠፋ። በእንጨት ላይ የተቀረጸ ፊደል በጣቱ እየዳሰሰ ተማረ፤ ሒሳብንና ጂኦሜትሪን፣ ሥነ ፈለክንም ሳይቀር ዐወቀ፤ የዚያችም የታወቀች ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ሄሮኒሞስ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነበረ። አባ እንጦንስ ባገኘው ጊዜ፣ ዝንብና ጉንዳን የሚካፈሉትን ዓይን ስላጣ እንዳያዝን፣ መላእክት የሚያዩበት ዓይን እንደ ተሰጠው ነግሮ አጽናናው ይባላል። ስለ ኦሪጌኔስ ትምህርት ከሞተ በኋላ በስሙ ላይ የተነሣው ክርክር ሌላ ነገር ነው፤ የሰማይን ሥርዓት ያለ ዓይን መማር እንደሚቻል ያሳየበትን አያስቀርም።

አሁን ተቃዋሚው እንዲህ ይል ይሆናል፦ ቀመር ሌላ፣ ኮከብ ሌላ ነው። የጨረቃን ቍጥር ማወቅ ጨረቃን ማወቅ አይደለም፤ ኮከብ ደመቀ ደከመ፣ ፀሐይ ጨለመች በራች የሚለው ነገር የዓይን ምስክርነት ይፈልጋል። ይህ እውነተኛ ተቃውሞ ስለ ሆነ መልሱን ከሠሩት ሰዎች መስማት ይሻላል።

ዶክተር ዋንዳ ዲያዝ መርሰድ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ናቸው። በአገራቸው ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ሲማሩ በስኳር በሽታ ምክንያት ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ጠፋ። የተማሩት ትምህርት በሰሌዳና በሥዕል የሚሰጥ ስለ ነበረ በሩ ሁሉ የተዘጋባቸው መሰለ። እርሳቸው ግን በአሜሪካ የኅዋ ምርምር ድርጅት በናሳ ከነበሩ ሊቃውንት ጋራ ሆነው፣ ከኮከብ የመጣውን የብርሃን ልክ በድምፅ የሚያሰማውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ለሥራ አበቁት። ብርሃኑ ሲበረታ ቃናው ይቀጥናል፤ ሲደክም ይወፍራል። በ2013 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ፤ ከዚያም በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ሠርተዋል። በጥናታቸው የተገኘው ነገር ለዓይናማዎች ያሳፍራል፤ ዓይናማ ሊቃውንት ሥዕሉን ከማየት ጋራ ድምፁንም ሲሰሙ፣ በሁካታ ውስጥ የተሸሸገውን ደካማ ምልክት ከቀድሞው ይልቅ አጥርተው አገኙት። ስለዚህ መሣሪያው ለዓይነ ስውር ተብሎ ቢሠራም የዓይናማውን ጉድለት ገለጠ።

ከዚያ ወዲያ ነሐሴ 15 ቀን 2009 ዓ.ም. በአሜሪካ ፀሐይ ስትጨልም፣ በሃርቫርድ የነበሩት አሊሰን ቢየርላ ከዶክተር ዋንዳ ጋራ ሆነው ላይትሳውንድ የሚባል ትንሽ መሣሪያ አዘጋጁ። ሣጥኑ በእጅ የሚያዝ ነው፤ የብርሃኑን ልክ ይቀበላል፤ በብርሃን ጊዜ የዋሽንት መሰል ድምፅ፣ ሲደበዝዝ የክላሪኔት ድምፅ፣ ሲጨልም ደግሞ እንደ ጠብታ የሚንጠባጠብ ኳ ኳታ ያሰማል። መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚያው አገር ሁለተኛ ጊዜ ፀሐይ ስትጨልም በብዙ መቶ የሚቈጠሩ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ተሠርተው ለዓይነ ስውራን ተከፋፈሉ።

በእኛም አገር ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ማለዳ ፀሐይ ጨልማ ነበር። በላሊበላ ጨረቃ መካከሏን ሸፍና የእሳት ቀለበት አስመሰለቻት፤ በሰሜን ሸዋም የሚበዛው ክፍሏ ተሸፍኖ ነበር። መነጽር ያገኘ አየ፤ ያላገኘም የቀኑን መደብዘዝ አስተዋለ። ዓይነ ስውሩ ግን አየሩ ሲቀዘቅዝ ተሰማው እንጂ፣ ፀሐይዋ መቼ መጐደል እንደ ጀመረች፣ መቼ እንደ ተመለሰች፣ ሌላው ሰው ካልነገረው በቀር በራሱ የሚለይበት ነገር አልነበረውም። በአውሮፕላንና በሳተላይት ዘመን ይኸው ሰው በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደ ነበረው ሰው በደጃፉ ተቀምጦ ወሬ ጠበቀ።

ወደ ተቃውሞው እንመለስ። ብርሃን ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ድምፁ ሐሰት ነው ለሚል፣ መልሱ በድጓው ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ድምፅ ነው፤ ድምፅም መልክ የለውም። ሊቃውንት ግን ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ደረት እያሉ ምልክት ሠሩለት፤ በቀይ ቀለምም ከፊደሉ ራስ ላይ አስቀመጡት። ድምፅ በቀለም ተመሰለ። እስከ ዛሬ ድረስ ምልክቱን አይቶ፣ ድምፅ መልክ የለውምና ይህ ሐሰት ነው ያለ መሪጌታ አልተሰማም። ለምን ቢሉ፣ ምልክቱ ሥርዓት ስላለው ነው፤ ድፋት በአንዱ ደብር ድፋት፣ በሌላው ቅናት አይሆንም። እንግዲህ ድምፅን በዓይን ማስነበብ እውነት ከሆነ፣ ብርሃንን በጆሮ ማስነበብ ሐሰት የሚሆንበት ምክንያት የለም፤ ሥርዓቱ እስከ ተጠበቀ ድረስ።

ሥርዓቱ እስከ ተጠበቀ ድረስ የሚለው ቃል ግን ክብደት አለው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቻንድራ የሚባለውን የኅዋ መነጽር የሚጠብቁት ሊቃውንት ከሰማይ ሥዕሎች የተሠሩ ብዙ ዜማዎችን አሰምተዋል፤ ለጆሮ ደስ እንዲሉም መሣሪያዎቻቸው ተመርጠዋል። ደስ የሚያሰኝ ነገር መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ለማስደሰት የተሠራውና ለመመርመር የተሠራው ሊለዩ ይገባል። ዓይነ ስውሩ ተማሪ የትኛው ቃና የትኛውን ልክ እንደሚያመለክት ካልተነገረው፣ ዘፈን ሰማ እንጂ ኮከብ አልሰማም። እንዲህ ሲሆን የተቃዋሚው ነቀፌታ ትክክል ይሆናል።

ደግሞስ ዓይናማው ሊቅ ኮከብን ያያል የሚባለው እስከ ምን ድረስ ነው? ካርል ጃንስኪ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1933 እ.ኤ.አ. ከፍኖተ ሐሊብ የሚመጣ የራዲዮ ማዕበል ማግኘቱን ሲያስታውቅ፣ ነገሩ የደረሰበት እንደ ፍጨት ባለ ድምፅ እንጂ በብርሃን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የሰማይ ጥናት የሚበዛው ክፍል በራዲዮ፣ በኤክስሬይ፣ የማንም ዓይን በማያየው ጨረር ይካሄዳል። በጋዜጣ የሚታተመው ያሸበረቀ ሥዕል መጀመሪያ ቍጥር ነው፤ ቀለሙን የመረጠው ሰው ነው። ቍጥሩን አንዱ ወደ ቀለም ቢመልሰው፣ ሌላው ወደ ቃና ቢመልሰው፣ ሁለቱም ተርጓሚዎች ናቸው።

ከዚህ የሚበልጥ ነገር መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ሆነ። ከምድር 1.3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቅ ስፍራ፣ አንዱ የፀሐይን 36 እጥፍ፣ ሌላው 29 እጥፍ ያህል የሚከብዱ ሁለት ጥቁር ጕድጓዶች ተጋጭተው አንድ ሆኑ። ጥቁር ጕድጓድ ብርሃን የማይወጣው ስለ ሆነ የታየ ነገር የለም። በአሜሪካ በሁለት ስፍራ የተተከለው ላይጎ የሚባለው መሣሪያ ግን የኅዋውን መንቀጥቀጥ ተቀበለ፤ መንቀጥቀጡም በሰከንድ ከ35 እስከ 250 ጊዜ ስለ ነበረ፣ ወደ ድምፅ ሲለወጥ ቃናው ሳይነካ ለሰው ጆሮ የሚመች ሆነ። ከአንድ ሰከንድ አምስተኛ እጅ የማይበልጥ እንደ ወፍ ጭውታ ያለ ድምፅ ነው። በሰማይ ታሪክ ታላቅ የሆነውን ይህን ነገር ከሊቃውንቱ ሁሉ አንድም ሰው በዓይኑ አላየውም፤ ብዙዎቹ ግን ሰምተውታል።

ሁሉም እንዲህ ለጆሮ የቀረበ ነው ማለት አይደለም። በፔርሴዎስ ከሚገኘው የከዋክብት ጉባኤ በ2003 እ.ኤ.አ. የተገኘው የድምፅ ማዕበል፣ አንዱ ሞገድ ካለፈ በኋላ ሁለተኛው እስኪመጣ ወደ አሥር ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ይፈጃል። በ2022 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲሰማ ቃናው 57 እና 58 ጊዜ እጥፍ በእጥፍ ከፍ ተደርጎ ነው። ይህን ሳይነግሩ ማሰማት ማታለል ይሆናል፤ ነግሮ ማሰማት ግን ማስተማር ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የሒሳብ ሳይሆን የምግባር ጥያቄ ነው። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሩ በተደረገው ጥናት ከመቶ ሰው 1.6ቱ ዓይነ ስውር መሆኑ ታወቀ፤ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ዓይናቸው የጠፋው በሞራ ነው፤ 11.5 በመቶው ደግሞ በትራኮማ ነው። የሞራ ሕመም በአንድ አጭር ቀዶ ሕክምና ይድናል። ትራኮማም በንጹሕ ውኃ፣ በመድኃኒትና የዐይን ሽፋን በማቅናት ይከለከላል፤ በአማራ ክልል ያደረሰው ጉዳት እጅግ ከባድ እንደ ነበረ የሚታወቅ ነው። ስለዚህ አንድ አስተዋይ ሰው፣ በቅድሚያ ዓይኑን አድኑለት እንጂ የኮከብ ዜማ ምን ያደርግለታል ቢል ንግግሩ ቀላል አይደለም። ሊድን የሚችለውን ዓይን ሳያድኑ በመሣሪያ መመካት በእውነት ነውር ነው።

ነገር ግን ይህ ክርክር ወደ መጨረሻው ቢወሰድ ማንንም የማያስተምር ክርክር ይሆናል። የተራበ ሁሉ ሳይጠግብ ቅኔ አይቈጠር ቢባል ኖሮ፣ ቁራሽ እየለመነ ከደብር ደብር የሚዞረው የቆሎ ተማሪ አንድ ቤት ጉባኤ ቃና ባልተቀኘ ነበር። አገሩ ግን የራበውን ልጅ እስክትጠግብ ቈይ አላለውም፤ እንጀራውንም ቅኔውንም በአንድ ቀን ሰጠው። ሊድን የማይችለው ዓይነ ስውርም፣ ሌላው እስኪድን ድረስ ከዕውቀት ደጅ ቆሞ ይጠብቅ የሚል ሕግ የለም። ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የማን ኃጢአት ነው ብለው በጠየቁ ጊዜ ጌታ የመለሰላቸውን የሚያውቅ ካህን፣ ዕውርነትን እንደ ቅጣት አይቶ ባለቤቱን ከትምህርት አያርቅም።

ሌላም አደጋ አለ፤ ይህም ከበጎ አድራጊዎች በኩል የሚመጣ ነው። ለዓይነ ስውር አንድ ሣጥን ሰጥቶ፣ ድምፅ አሰምቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መሄድ ይቻላል። እንዲህ ያለው ስጦታ ከደጀ ሰላም ሳንቲም አይለይም። ዶክተር ዋንዳ የሠሩት ሥራ ከዚህ የሚለየው፣ እርሳቸው ሰሚ ብቻ ሳይሆኑ መርማሪ ስለ ሆኑ ነው። ዓይነ ስውሩ ደብተራም የጾሙን ቀን ለሌሎች የሚነግር እርሱ ነው እንጂ ሌሎች አይነግሩትም። ድምፁ ተሰጥቶት ፍርዱ ግን በዓይናማው እጅ ከቀረ፣ ምንም አልተሰጠውም።

በመጨረሻም የማይሞላ ጕድለት እንዳለ መካድ አይገባም። በታኅሣሥ ሌሊት፣ ደመና በሌለበት፣ ከአንኮበር ተራራ ላይ ቆሞ የሚታየው የከዋክብት ብዛት በአንድ ጊዜ ወደ ዓይን ይገባል፤ ድምፅ ግን በተራ በተራ እንጂ በአንድነት አይገባም። በድምፅ የተለወጠ ሰማይ ያንን መደንገጥ አይሰጥም። የሚሰጠው ሌላ ነው፤ የአንዱን ኮከብ መድመቅና መድከም በጊዜ ውስጥ መከተል ነው፤ በዚህም ጆሮ ከዓይን ይበልጣል፤ ዓይን ብዛትን፣ ጆሮ ለውጥን ቶሎ ይለያልና።

ቀመር ዐዋቂዎች አስቀድመው እንደ ወሰኑት፣ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በግብፅ፣ በዓረብና በየመን ፀሐይ ፈጽማ ትጨልማለች፤ በኢትዮጵያም ከቀትር በኋላ ክፍሏ ትሸፈናለች። ሐምሌ በደብረ ብርሃን ክረምት ነው። በዚያ ሰዓት ሰማዩ በደመና ከተጋረደ፣ መነጽሩን ይዞ የወጣው ዓይናማ ፀሐይዋን አያያትም። የብርሃን ልክ የሚቀበለው ሣጥን ግን ከደመና በታችም ቢሆን የቀኑን መደብዘዝ ይለካል፤ ደመናው ራሱ ሲሳሳና ሲወፍር ቃናውን እንደሚያውከው የታወቀ ነውና፣ ይህን ከዚያ መለየት የሠለጠነ ጆሮ ይፈልጋል። ለዚህም ከዜማ ቤት ልጆች የሚሻል አይገኝም። መሣሪያውን ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በከተማውም የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቁ ወጣቶች አይጠፉም። አሜሪካኖቹ ዋሽንትና ክላሪኔት መርጠዋል፤ እዚህ ግን ለሙሉው ብርሃን ግዕዝ፣ ለሚደበዝዘው ዓራራይ፣ ለጨለማው ዕዝል ይሁን ወይስ በዋሽንትና በበገና ይሁን የሚለውን፣ ከዓይናማዎቹ ይልቅ የሚሰሙት ሰዎች ራሳቸው ተቀምጠው ቢወስኑት ይሻላል።